አሥራ ሁለት ጥንድ ጫማና አንድ ሸበጥ

ጫማ ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ዶክተር» ብሎ ነው። ስሙን ያወጣለት ግድግዳ ተጋርቶት የሚሠራው ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ ያወጣለትም ሊያሾፍበት እንጂ ሊያከብረው አልነበረም። ደንበኛ ጫማውን አውልቆ ሲያቀብለው ዶክተር የተቀደደው የቱ ጋ እንደሆነ አይጠይቅም። መጀመሪያ ይገለብጠዋል። መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ያወርድና ሶሉን ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ፣ ሐኪም የራጅ ፊልም እንደሚያይ፣ ዝም ብሎ ያየዋል። ከዚያ ያልተጠየቀውን መናገር ይጀምራል።

አንዱን ቆሞ እንደሚውል ይነግረዋል። ሌላዋን ሁልጊዜ በቀኝ ትከሻዋ ብቻ ዕቃ እንደምትሸከም ነግሯት ማፈራረቅ እንዳለባት ይመክራታል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኑ ነው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የተረከዙ ጀርባ ብቻ ያለቀ ጫማ ይዞ የመጣ ቀን፣ ግቢውን እንደማይዞርና እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ እንደሚውል ፊት ለፊት ነገረው፤ ለካስ ርእሰ መምህሩ ከኋላ ተራ ይዞ ቆሟል። ጥበቃው እስከ ዛሬ በዚያ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ሐኪም በቀን አንድ ሰዓት በእግሩ እንዲሄድ ያዘዘው ጡረተኛም ነበር። ሚስቱ የስፖርት ጫማውን ለማስለጠፍ ይዛ ብትመጣ፣ ዶክተር ገልብጦ አየና ይህ ጫማ ከቤት ወጥቶ የሚደርሰው እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጡረተኛው በእውነት ይራመዳል፤ ሚስቱ አሥር እርምጃ ከኋላው ሆና እየተከተለችው።

ልብስ ሰፊው ስንት ጊዜ መክሮታል። አንድ ቀን አፍህን በገዛ ወስፌህ ትሰፋዋለህ ይለዋል። የዶክተር መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ሰው ይዋሻል፤ ሶል አይዋሽም። እኔም በሶል ላይ ዋሽቼ አላውቅም።»

ሱቁ ወርዱ ሁለት ሜትር ከሩብ ነው። በስተቀኝ መስፊያ ማሽኑ፣ በስተግራ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ጫማዎች የተከመሩበት ሣጥን፣ ፊት ለፊት ደግሞ አራት ደርብ መደርደሪያ አለ። መደርደሪያው ላይ ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት እግሮች ተደርድረዋል፤ ጫማ ሠሪዎች ፎርማ የሚሏቸው። እያንዳንዱ ላይ ቁጥሩ በእርሳስ ተጽፏል። ከላይኛው ደርብ ጥግ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጥንድ ፎርማ ብቻውን ይቀመጣል። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ነው። ዶክተር ይህን ፎርማ የቀረጸው በሚስቱ እግር ልክ ነበር። ሚስቱ ካረፈች ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ስትራመድ የግራ ተረከዟን ወደ ውጭ ታስደግፍ ስለነበር፣ በትዳራቸው ሃያ ስድስት ዓመት የቀኙን ታኮ አንድ ጊዜ ሲቀይር የግራውን ሁለት ጊዜ ይቀይር ነበር። አሁን የሚቀይረው የለም። ጨርቁን ግን በየወሩ መጨረሻ ያጥበዋል።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ዕድሜዋ ሃያ አራት፣ ሥራዋ በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ። አረማመዷ የእናቷ ነው፤ የግራ ተረከዝ ወደ ውጭ። አስተያየቷ የአባቷ ነው፤ አንድ ነገር ላይ ካጎነበሰች ሳትጨርስ ቀና አትልም። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። አባት ያየውን ሁሉ ይናገራል፤ ልጅ ያየችውን ወረቀት ላይ ጽፋ ፖስታ ውስጥ ታሽገዋለች።

ይህቺ ልጅ አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ በረሃ ላቋርጥ ነው አለችው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር መራመድ ለማይችሉ ልጆች ተሽከርካሪ ወንበር ሊገዛ ፈልጎ፣ አሥራ ሁለት ወጣት በጎ ፈቃደኞች በአምስት ቀን መቶ አሥር ኪሎ ሜትር በእግራቸው እንዲሄዱ አዘጋጅቷል። ለጋሾቹ ወጣቶቹ መንገዱን ከጨረሱ ሊለግሱ ቃል ገብተዋል። ዶክተር ስለ ፀሐዩም፣ ስለ ውኃውም፣ ስለ እባቡም አልጠየቀም።

«በምን ጫማ?» አለ።

ልጅቷ ለሁለት ዓመት ያደረገችውን ሸራ ጫማዋን አሳየችው። የማኅበሩ መመሪያ ላይም ቢያንስ ሁለት ወር የተለማመዳችሁበትን ጫማ አድርጉ ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ዶክተር ሸራ ጫማውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ራቅ አድርጎ አየው። በዚህ በረሃ ገብታ የጫማ ሠሪ ልጅ ነኝ ልትል እንደሆነ ጠየቃት። መመሪያውን በተመለከተ ደግሞ፣ መለማመድ የሚያስፈልገው ከሱቅ የተገዛ ጫማ ነው፤ የእኔ ጫማ እግሩን ያውቀዋል አላት።

በማግሥቱ ቡትሱን ጀመረ። ቆዳውን ከሦስት ቦታ አማርጦ አመጣ። ሶሉን ድርብ አደረገውና ጠጠር እንዲይዝ በቢላ ጫፍ ቀጫጭን መስመሮች ቀረጸበት። ልብስ ሰፊው በበሩ ብቅ ብሎ ልጅቷን ለክቷት እንደሆነ ጠየቀው፤ ልብስ ሰፊ ሳይለካ አይቆርጥምና ነገሩ አሳስቦት ነው። ዶክተር ሳቀበት። ከተወለደች ጀምሮ ጫማ የሠራሁላት እኔ፣ እግሯን ከራሷ ይልቅ የማውቅ እኔ፣ ምኑን ነው የምለካው አለው። እውነቱን ለመናገር ልጁን ለመጨረሻ ጊዜ የለካት አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላት ነበር። ያኔ ከእናቷ ጋር ጫማ መዋዋስ ጀምራ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ እንዳለ ተደምድሞ ነበር። ስለዚህ ወንበር ላይ ወጣ፣ ከላይኛው ደርብ በጨርቅ የተጠቀለለውን ፎርማ አወረደ፣ ቆዳውንም በሱ ላይ ወጠረው።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በዘጠኙም ቀን ዶክተር ሲያንጎራጉር ተሰማ። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ሬዲዮ መስሎት ነበር። ከሦስት ዓመት ከአራት ወር ወዲህ ከዚያ ሱቅ ከመዶሻ በስተቀር ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

በአሥረኛው ቀን ልጅቷ መጥታ ለካችው። አባቷ እግሯ ሥር ተንበርክኮ ማሰሪያውን ራሱ አሰረላትና ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ልጅቷም የሱን ፊት አየች። 

«ልክ ነው አባዬ» አለች።

ከበረሃው በተመለሱ ቀን ዶክተር አደባባዩ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ። ወጣቶቹ ፀሐይ ያጠቆረው ፊታቸውን ይዘው ከመኪና ሲወርዱ፣ ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አንገት ለአንገት አቀፉ። ዶክተር መጀመሪያ ጫማውን አየ። አልተቀደደም፤ ስፌቱ አልተተረተረም። ከዚያ በኋላ ልጁን ሳማት። ጫማው እንዴት ነበር ብሎ ሲጠይቃት ጥሩ ነበር አለችው። ማሰሪያው ላላ ብሎ መታሰሩን አላስተዋለም። በቀጣዮቹ ቀናት ቤት ውስጥ ወፍራም ካልሲ አድርጋ መዋሏን ግን አስተውሎ፣ ምን ሆነሽ ቢላት ወለሉ ቀዝቅዞብኛል ስትለው አመነ። የሰፈሩን እግር ሁሉ ከሶል የሚያነብ ሰው፣ እቤቱ ውስጥ በካልሲ የሚመላለሰውን እግር ማንበብ አቃተው።

ይልቁን ወሬ ሥራው ሆነ። ዳቦ የሚገዛ፣ ፀጉር የሚቆረጥ፣ መንገድ የጠየቀ ሳይቀር የበረሃውን ጫማ ታሪክ ሳይሰማ አያልፍም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ፦ «በረሃ ያቋረጠ ጫማ እዚህ ይሠራል።» ልብስ ሰፊው አንብቦ ሲያበቃ፣ እንግዲህ ግመሎች ተራ ይዘው ሊቆሙልህ ነው አለው።

ማዘጋጃ ቤቱ ለወጣቶቹ የዕውቅና ሥነ ሥርዓት አዘጋጀ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በአዳራሹ የምስክር ወረቀትና ሜዳሊያ ይሰጣቸዋል፤ በመግቢያው ላይም አሥራ ሁለቱ ጥንድ ጫማ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ለሕዝብ ይታያል። ሐሙስ ዕለት የአዳራሹ ኃላፊ፣ ማህተም የማያሳርፉበት ወረቀት ከእጃቸው የማይወጣ ሴት ናቸው፣ ጫማዎቹን በጆንያ አስጭነው ከደብዳቤ ጋር ወደ ዶክተር ላኩ። ደብዳቤው «ለእይታ እንዲዘጋጁ» ይላል። ዶክተር አንድ ሰው ጫማን ለእይታ አዘጋጅ ሲባል የሚያደርገውን አደረገ፤ ያጥብና ይወለውል ጀመር። ኃላፊዋ የፈለጉት በረሃውን ሕዝቡ እንዲያየው እንደነበር፣ ማለትም አቧራው ዋናው ነገር እንደነበር፣ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

በእርግጥ ከመወልወሉ በፊት አነበባቸው። አሥራ ሁለት ሶል ከበረሃ መጥቶ ሳያነብ ማለፍ ለሱ የማይሆን ነገር ነው። እያንዳንዱን ጥንድ በጋዜጣ ላይ አራገፈ፤ የወጣው አሸዋ እንደ ትንሽ ቁልል ሆኖ ይቀመጣል። የጉዞ መሪው ጫማ ጎንና ጎኑ አልቋል፤ ሰውዬው ግማሹን መንገድ የሄደው ወደ ኋላ እየዞረ ሲጮህ ነው። ከሁለት ጥንድ ጫማዎች አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ጎኑ እኩል አልቋል፤ ባለቤቶቻቸው አምስቱንም ቀን ተደጋግፈው ሄደዋል። ዶክተር ይህን ጊዜ ብቻውን ፈገግ ብሎ፣ ሠርግ አይቀርም አለ።

አሥራ ሁለተኛው ጥንድ የልጁ ነበር። አራገፈው። የወጣው አሸዋ ለዓይን ሕመም የሚበቃ አይደለም። ገለበጠው። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። በቢላ የቀረጻቸው ቀጫጭን መስመሮች አንድም ሳይጠፉ ተሰልፈዋል። ታኮው አልተነካም። የግራው የውጭ ጎን፣ ቢያንስ እሱ ማለቅ የነበረበት፣ ትንሽ ተልጦ ቀርቷል። ይህ ጫማ ቢበዛ ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ነው የተሄደበት። የቀረውን መንገድ አንድ ነገር ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው። ከጉዞው ጋር ደግሞ የነበረው መቀመጫ አንድ ብቻ ነው፤ ውኃ ጭኖ የተከተላቸው መኪና።

በዚህ መሐል ልብስ ሰፊው ሻይውን ይዞ ገባና የትኛው የልጅህ ነው አለ። ዶክተር ምላሱ ሳያስፈቅደው ሠራ። ሶሉ አፈር የበላውን፣ የሌላ ሰው የሆነውን ጥንድ አነሣና «ይኸው» አለ። ልብስ ሰፊው አገላብጦ አይቶ፣ ወይ ጉድ፣ ጀግና ናት አለና ሄደ። ዶክተር በሶል ላይ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸ።

ከዚያ በኋላ ሥራ እንቢ አለው። ቅዳሜ ልጁ መድረክ ላይ ትወጣለች። ወረቀቱ መቶ አሥር ኪሎ ሜትር በእግሯ ለተጓዘች ይላል። እሷም ትቀበላለች፤ እሱም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል። ዝም ቢል፣ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ከርእሰ መምህሩ ፊት ያዋረደ አፉ ለገዛ ልጁ ሲሆን ተቆለፈ ማለት ነው። ቢናገር፣ አንድ ልጁን በሕዝብ ፊት ያዋርዳል። ከሁሉ የከበደው ደግሞ ሌላ ነው፤ የናቷ ልጅ ያልሄደችውን ሄድኩ ትላለች ብሎ ማሰቡ ራሱ።

ሞረዱን አነሣ። ሶል ማስረጀት ለሱ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ የግራውን የውጭ ጎን በርከት፣ የቀኙን ቀለል አድርጎ ቢሞርደው ማንም አያውቅም። ከሱ በቀር ሶል የሚያነብ ሰው በከተማው የለምና። አንድ ጊዜ ሞረደ። ሁለተኛ። በሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ። ለሃያ ስድስት ዓመት ሲጠግነው የኖረውን የሚስቱን ተረከዝ አስመስሎ ሐሰት እየጻፈ መሆኑ ታወቀው። ሞረዱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ቆለፈበት። ሦስቱ ጭረቶች ግን ሶሉ ላይ ቀሩ።

እራት ላይ ዙሪያ ጥምጥም ጠየቃት። መኪናው ምቹ ነበር ወይ አላት። የትኛው መኪና አለችው። የውኃው አላት። እሷ ውኃ ከመቅዳት በቀር እንዳልቀረበችው ነገረችውና ጨው አቀብለኝ አለችው። ጨውን እያቀበላት ፊቷን አየ። የላቦራቶሪ ፖስታ ነው፤ የታሸገ።

ዓርብ ረፋድ ላይ የውኃው መኪና ሾፌር ሱቁ በር ላይ ቆመ። ትልቅ ሰው ነው፤ ባዶ እግሩን ነው የመጣው፤ እግሩ አርባ ሦስት ቁጥር ይሆናል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይህቺን ነገር አንድ በልልኝ። ልጅህ ጨረሰችብኝ።»

ጋዜጣው ሲፈታ አንድ ጥንድ የፕላስቲክ ሸበጥ ወጣ። የሾፌር ሸበጥ ነው፤ ሰፊ፣ አሮጌ፣ የግራው ማሰሪያ የተበጠሰ። ዶክተር ልማዱ ሆኖ ገለበጠው። አሸዋና ጠጠር ፕላስቲኩን በልተውታል። የግራው ተረከዝ፣ በውጭ በኩል፣ እስከ ቀዳዳ ድረስ አልቋል። ቀኙ ደህና ነው። መነጽሩ አላስፈለገውም። ይህን አረማመድ በጨለማ በጣቱ ዳብሶ ያውቀዋል።

ሾፌሩ እንደ ተጓዦቹ ሁሉ ለማንም ላይናገር ምሎ ነበር፤ ያስማለቻቸውም ልጅቷ ናት። ሆኖም ሸበጡን ለማሠራት ታሪኩን መናገር ግድ እንደሆነበት አስረዳና ተናገረ። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ልጅቷ ማነከስ ጀመረች። ጫማውን ሲያወልቁላት ካልሲው ከጣቶቿ ጋር ተጣብቋል፤ ሁለት ጥፍሯ ጠቁሯል። የጉዞ መሪው መኪና ላይ ትውጣ ብሎ ጮኸ። እሷ የመጣሁት መሄድ ለማይችሉ ልጆች ነው፤ እኔ መሄድ እየቻልኩ አልጫንም አለች። ሾፌሩ የገዛ ሸበጡን አውልቆ ሰጣት። ሰፋባት። የማኅበሩን ሰንደቅ ጨርቅ ከጫፉ ቀደው እግሯ ላይ ጠመጠሙላትና በዚያ ሄደች፤ ሦስት ቀን ከግማሽ። አባቷ የሠራላትን ቡትስ በማሰሪያው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። መኪና ላይ እናስቀምጥልሽ ብንላት እንኳ እንቢ አለች አለ ሾፌሩ።

«ከተማ ልንገባ ስንል መልሳ አደረገችው። ‹አባቴ መጀመሪያ የሚያየው ጫማውን ነው› ብላ። እኔም ስንት ዓመት በረሃ ስመላለስ በባዶ እግሬ ነድቼ አላውቅም ነበር፤ ፔዳሉ እንደ ምጣድ ነው።»

ዶክተር ወንበሩ ላይ ወጥቶ ከላይኛው ደርብ ፎርማውን አወረደና ጨርቁን ፈታ። ሸበጡን አጠገቡ አደረገው። ፕላስቲኩ ላይ የልጁ ጣቶች ቅርጽ ታትሟል፤ ሰፊ ነው፣ ረጅም ነው፤ ከፎርማው ጣት ያህል ያልፋል። የሰውን ሁሉ እግር ሲለካ የኖረ ሰው፣ ለልጁ የሚስቱን ጫማ ሠርቶላት ነበር። እሷም ያንን አድርጋ በረሃ ገብታ፣ አባቴ እንዳያፍር ብላ አፏን ዘግታለች።

ሾፌሩ ሸበጡ መቼ እንደሚደርስለት ጠየቀ። ዶክተር አሁን ሊነካው እንደማይችል ነገረው። እንግዲያው በምን ልሂድ ሲለው፣ የተረሱ ጫማዎች ካሉበት ሣጥን ሲፈላልግ ቆይቶ ለአርባ ሦስት ቁጥር የሚሆኑ ሁለት ጫማዎች አገኘ፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ጥቁር። ሾፌሩ አደረጋቸውና ጥቂት ተራመደ። ከሩቅ አያስታውቅም አለ። ያስታውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት የአዳራሹ ኃላፊ በጠረጴዛው ራስ ቆመው አሥራ ሁለት ጥንድ የሚያብለጨልጭ ጫማ አዩ።

«አቧራውስ?» አሉ።

ዶክተር አቧራው እንዳልጠፋ አረጋገጠላቸውና ከኪሱ የማስቲሽ ቆርቆሮ አወጣ። የበረሃው አሸዋ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ አንዲት ቅንጣት አልጎደለም። ኃላፊዋ ቆርቆሮውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ከጫማዎቹ መሐል አስቀመጡት። ከዚያ ዶክተር የልጁን ቡትስ ከጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ ላይ አነሣና በቦታው ሸበጡን አስቀመጠ።

ኃላፊዋ ዝርዝራቸውን ከፈቱ። ዝርዝሩ አሥራ ሁለት ጥንድ ቡትስ ይላል አሉት። አሥራ አንድ ይበሉት አላቸው። ለውጥ ያለ ምክንያት እንደማይመዘገብ፣ ምክንያቱ ደግሞ ከጫማው ፊት በሚቆመው ካርድ ላይም መጻፍ እንዳለበት ነገሩትና ብዕራቸውን አዘጋጅተው ጠበቁ። ልብስ ሰፊው የራሱን ሥራ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከኋላ ቆሟል። ከሱ ኋላ ዳቦ ሻጩ አለ፣ ጡረተኛውና ሚስቱ አሉ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃም አለ። የበረሃውን ጫማ ታሪክ ያልሰማ ከመሐላቸው የለም። ዶክተር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጻፉ። ይህቺ ልጅ መንገዱን የሄደችው በዚህ ሸበጥ ነው። ቡትሱን የሠራው አባቷ ነው። እግሯን አልለካም፤ በእናቷ ልክ ነው የሠራው።»

ኃላፊዋ ጻፉ። እንደ ልማዳቸው የጻፉትን ቃል በቃል መልሰው አነበቡለት፤ ትክክል ነው አላቸው። ካርዱን ሸበጡ ፊት አቆሙና ማህተሙን አሳረፉበት። ዶክተር ልብስ ሰፊውን ዞሮ አየው፤ አንድ ነገር እንዲለው እየጠበቀ። ልብስ ሰፊው ከተዋወቁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ግን አላጣም። ካርዱን ቀስ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ አነበበና ከስንት ጊዜ በኋላ ለዶክተር ሰላምታ ሰጠው።

ሥነ ሥርዓቱ ተጀመረ። መድረኩ ላይ የተሰቀለው የማኅበሩ ሰንደቅ ጨርቅ ከግርጌው ተቀዶ ይታያል። ንግግር አድራጊው የከተማው ሹም፣ ሁሉ ነገር በጫማዎቹ ላይ ተጽፏል፣ ሄዳችሁ እዩዋቸው፣ በተለይ የብርታት ምልክት የሆነውን ያንን ጠንካራ ቡትስ ሲሉ ጣታቸውን ወደ ጠረጴዛው ዘረጉ። ሕዝቡ ዞሮ ሲያይ ጣታቸው ያረፈው አርባ ሦስት ቁጥር የፕላስቲክ ሸበጥ ላይ ነበር። ሾፌሩ በቡናማና በጥቁር ጫማው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ፤ ሹሙም ለንግግራቸው መስሏቸው ቆም ብለው ጠበቁ።

ልጅቷ ሸበጡን ያየችው ያኔ ነው። ሜዳሊያዋን አጥልቃ፣ ወረቀቷን ተቀብላ ከመድረክ እንደወረደች በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ካርዱን አነበበች። አባቷ ቡትሱን በብብቱ ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ስትሠራው ታንጎራጉር ነበር።»

ዶክተር ሸበጡን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ።

«ፎርማው የማን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«ከላይ ስታወርደው አይቻለሁ። ልብስ ሰፊው ቤት ሱሪ ላሳጥር መጥቼ ነበር።»

«እናትሽ ብትሆን ኖሮ» አለ ዶክተር፣ «ጫማውን በሁለተኛው ቀን አውልቃ፣ ከበረሃው ድረስ መጥታ ጭንቅላቴን ትመታበት ነበር።»

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ከሳቁ ጋር ሌላ ነገርም መጣና፣ አባቷ የሚወለውልበትን ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ጨርቁ ቀለም ነበረበት። ከአዳራሹ የወጣችው አንድ ጉንጯ ጠቁሮ ነው።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኑ ከበሩ ላይ ወርዶ ነበር። ጀርባው ላይ ሌላ ጽሑፍ ተጽፎበት ተመልሶ ተሰቀለ፦ «ሳይለካ አይሠራም።» ልብስ ሰፊው አነበበና ይህን አባባል ከኔ ነው የሰረቅከው አለ፤ ድምፁ ተመልሶለታል። ውስጥ ሾፌሩ በሁለት ቀለም ጫማው ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። ሸበጡ ለአንድ ወር በእይታ ላይ እንዲቆይ ኃላፊዋ ስለወሰኑ፣ ዶክተር አዲስ ጫማ ሊሠራለት ነው። መጀመሪያ ግን የልጁ ተራ ነው።

ፎርማው በታጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ቦታው ተመልሷል። ወለሉ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል። ልጅቷ ካልሲዋን አወለቀችና ቆመችበት። ዶክተር ተንበርክኮ የጠቆሩትን ሁለት ጥፍሮች አየ፤ ምንም አልተናገረም። ለዶክተር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አወረደና ከተረከዙ ጀመረ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል» አለ ሲለካው። «እግርሽ አድጓል።»

«ከስምንት ዓመት በፊት ነው ያደገው አባዬ።»

እርሳሱ ትንሿ ጣቷ ጋ ሲደርስ ኮረኮራትና እግሯ ፈንጠር አለ። መስመሩ ተጣመመ፤ ወረቀቱ ላይ ስድስተኛ ጣት የመሰለ ነገር በቀለ። ልጅቷ ሌላ ወረቀት አምጣ፣ ይሄ ተበላሸ አለችው። ዶክተር እንቢ አለ። የተጣመመውን እንደተጣመመ ተወው፤ ከሥሩ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፈ፣ አነበበው፣ ከመደርደሪያው ጎን ባለው ምስማር ላይ ሰቀለውና ለሾፌሩ እግርህን አምጣ አለው።